በርገር ልጥበስ ብዬ ቤቴን አጠንኩት

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ቅዳሜ ማታ። በርገር አማረኝ።

"መጥበሻው በደንብ ይጋል" ይላሉ። እሺ፣ አጋልኩት። ያንን በአንድ እጅ የማይነሳውን የብረት መጥበሻ። ሥጋው 20 በመቶ ስብ ያለው ነው። ስብ ያነሰው እንደ ካርቶን ይደርቃል፣ ያንንም በኪሳራ ነው የተማርኩት። ሥጋው ገና ብረቱን ከመንካቱ ቤቱ በጭስ ታፈነ። የጭስ ደወሉ ጮኸ። ከምድጃው በላይ ያለው ማራገቢያ ተብዬ ጭሱን ወደ ውጭ አያወጣም፣ መልሶ ፊቴ ላይ ይነፋዋል! ወንበር ላይ ቆሜ በፎጣ ሳራግብ በርገሩ ከሥር አረረ። ቆርሼ ሳየው መሀሉ ጥሬ ነው። ክትፎ ብፈልግ ኖሮ ምን አደከመኝ? የተፈጨ ሥጋ ደግሞ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ አትብሉት ይባላል። መለስኩት። ደወሉም እንደገና ጀመረ።

ይሄ ሁሉ ግን ምንም አይደል። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። እንግድነት የመጣው የአክስቴ ልጅ፣ ላግዝህ ብሎ፣ መጥበሻውን ውሃ ሞልቶበት አሳደረው። ጠዋት ሳየው ዝጓል። ስንት ወር ዘይት እየቀባሁ ያሟሸሁት! እናቴ በጎመን ዘር ያሟሸችውን ምጣድ ማን ደፍሮ ውሃ ይዘፈዝፍባት ነበር?

"ጠቁሮ ነበር እኮ፣ ቆሻሻ መስሎኝ ነው" አለኝ።

ጥቁረቱ እኮ ነው ዋናው፣ ወንድሜ!

እሁድን ዝገት ስፈትግ ዋልኩ። እሱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ በርገር አዘዘ።