ይቅር ያላልኩት ካብ

የአገሬ ሰዎች፣ እናንተ ከጮቄ ተራራ ግርጌ የምታርሱ፣ ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው።

ባለፈው በጋ አንድ አይሱዙ ወደ አንዱ ጎጥ ዳገት ወጣ። ባለመሬቱ ከአያቱ የወረሰውን ካብ ለቤት መሠረት ድንጋይ ሸጦት ኖሯል። ጎረቤቱ ሊያስቆመው ቀርቶ ተሰልፎ ጫነለት፤ የጉልበቱንም ዋጋ ተቀበለ። ካቡ ወገብ የሚደርስ ነበር፤ ሥሩ ሰፊ፣ አናቱ ወደ ዳገቱ ጋደል ያለ፣ በየክፍተቱ ጠጠር የተጠቀጠቀበት። ጎርፉ እዚያ ሲደርስ ጉልበቱን ያጣል፤ ውኃው በድንጋዩ መሃል ሾልኮ ሲያልፍ አፈሩ ከኋላ ይቀራል። ቁልቁለቱ ማሳ የሆነው እንዲህ ዓመት ከዓመት ሲሞላ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ጭናችሁ ሸኛችሁት።

ሐምሌ ገባ። ከታች የአንዲት ባልቴት ማሳ አለ፤ ለእኩል አራሽ የሰጡት። ጤፉ ገና መብቀሉ ነበር። ሌሊቱን ዝናቡ ሲወርድ አደረ። ሲነጋ እናታችን ያገኙት ጭንጫና ሰው የሚውጥ ቦረቦር ነው። አፈሩ ወደ ሙጋ ወንዝ ወርዷል፤ ከሙጋ ወደ ዓባይ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰውየው "መሬቱ የኔ፣ ድንጋዩም የኔ" አለ። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ "ካብ አይጥ ያራባል፣ በሬም ለማዞር አይመችም" ብሎ ደገፈው። አይጥ እንደሚገባበት አውቃለሁ። አይጥ ገባ ብሎ ጎተራውን የሚያቃጥል ሰው ግን አላየሁም። በመጨረሻ ጥቂት እህል ተቆረጠና "በሉ እናቴ፣ ይማሩት" ተባሉ። ማሩት። ጠላ ተቀዳ።

እሳቸው ይማሩ፤ እኔ አልማርኩም። ሻጩንም፣ ጫኙንም፣ ጠላውን የጠጣውንም።

ኮንሶዎች ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደሩ ከ400 ዓመት በላይ ዳገታቸውን ይዘው ኖረዋል፤ አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ይቆማል፤ በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዘገበላቸው። የፔሩ ኢንካዎች ከካቡ ጀርባ ድንጋይ፣ ጠጠር፣ አሸዋና ለም አፈር በየተራ እያነጠፉ በገደል ላይ በቆሎ ዘርተዋል። ሩቅ ነው ካላችሁ እዚሁ ጎጃም፣ ከደምበጫ ወጣ ብላችሁ አንጀኒ የሚባለውን ቦታ እዩ፤ በ1970ዎቹ የተሠራው እርከን ተዳፋቱን እያስተካከለው ነው። ያም የጎጃም አፈር ነው፣ የጎጃም ዝናብ።

"ዓባይ አፈራችንን ወሰደብን" ስትሉ እሰማለሁ። ዓባይ ዳገት ወጥቶ ካብ አላፈረሰም። እኛ ነን።

ደግሞ ያሳዝነኛል። መሬቱ ጠቧል፤ ለልጅ ሲከፈል ለበሬ መዞሪያም አይተርፍ። ጥር ላይ ለተፋሰስ ሥራ የምትወጡትም ስማችሁ እንዲመዘገብ ነው፤ የቆፈራችሁትን ክረምቱ ሲደፍነው ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ድካማችሁን አልክድም። ግን ላይኛው ካቡን ሲንድ የታችኛው እንደሚራብ ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም፤ ያን ካብ የካቡት ፊደል ያልቆጠሩ ናቸው።

መኸር ሲሰበሰብ ወደዚያ ዳገት እወጣለሁ። ትመጣላችሁ ብዬ ብዙ አልጠብቅም፤ ስብሰባ ላይ እሺ ብላችሁ የቀራችሁበትን ጊዜ አልረሳሁትም። ቢሆንም ቦታውን ታውቁታላችሁ፣ ጮቄም ድንጋይ አላለቀበትም። ሦስት አራት ሰው ቢመጣ መሠረቱን ቆፍረን የመጀመሪያውን መስመር እናቆማለን፤ ሌላው ለከርሞ ይደርሳል።