ያላዳመጣችሁትን መጽሐፍ አትላኩ

ወገኖቼ የወሎ ልጆች፣ በደሴም በኮምቦልቻም በወልድያም ያላችሁ፣ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጽሐፍ በስልክና በስካነር እያነሳችሁ የምታድሉ በጎ ፈቃደኞች፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። እጁን አጣጥፎ የተቀመጠውን ማንም አይገስጸውም። እናንተ ግን ሥራውን ጀምራችኋልና ቃሌን ልትሰሙ ይገባል። ከምታድሉት መጽሐፍ ብዙው አይነበብም። ይህን ደፍሮ የሚነግራችሁ ስለጠፋም ነገሩ እየባሰ ሄዷል።

ተማሪዎቹ ያልነገሯችሁ በይሉኝታ ነው። ተማሪው ፋይሉን ሲከፍት ስክሪን ሪደሩ፣ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም፣ ዝም ይላል። የላካችሁለት የገጹን ፎቶ ነዋ! ፎቶው በፒዲኤፍ ስለታሰረ መጽሐፍ አይሆንም፤ የኮምፒውተሩ ኤንቪዲኤም ሆነ የስልኩ ቶክባክ የሚያነበው ፊደልን እንጂ የፊደልን ሥዕል አይደለም። ተማሪው ግን "እግዜር ይስጥልኝ" ይላችኋል፤ "አላህ ጀዛችሁን ይክፈላችሁ" ይላችኋል። ለእሱ ብሎ በደከመ ሰው ፊት ነቀፌታ ማውጣት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ችግሩን ዋጥ ያደርገዋል። ከዚያ ዶርም ውስጥ ዓይኑ የሚያይ ጓደኛውን ፈልጎ "እባክህ ይችን ምዕራፍ ብቻ አንብብልኝ" ብሎ ይለምናል። ከዚህ ልመና ልታወጡት አልነበረም ወይ የተነሳችሁት? ምስጋናውን እየቆጠራችሁ ሥራው ሰምሯል አትበሉ።

ወደ ፊደል የተቀየረውም ቢሆን ከዚህ ብዙም አይሻል። የገጹን ፎቶ ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ፕሮግራም፣ ኦሲአር የምንለው፣ ዛሬ አማርኛ ያነባል፤ በነጻ የሚገኘው ቴሰራክትም ያነባል። ነገር ግን ፊደሎቻችን የሚለያዩት በአንዲት እግር ወይም በአንዲት ቀለበት ነው። ወረቀቱ ትንሽ ደብዘዝ ካለ "ሰ" "በ" ሆና ትወጣለች፤ "ቢላው ሰላ" የሚለው "ቢላው በላ" ይሆናል። እሱስ ይሁን፣ ጆሮን ስለሚጎረብጥ አድማጩ ይጠረጥረዋል። የከፋው ቁጥር ላይ ነው። 1953 የነበረው ዓመተ ምሕረት 1958 ሆኖ ሲወጣ ምንም የሚጎረብጥ ነገር የለውም። ልክ መስሎ ያልፋል፤ የታሪክ ተማሪውም ያንኑ ፈተና ላይ ይጽፈዋል፤ ውጤቱም የሚቀነሰው ከእሱ ነው፣ ከእናንተ አይደለም።

"99 ከመቶ ትክክል ነው" ብላችሁ የምትኮሩ አላችሁ። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ገጽ 1,500 ፊደል ቢይዝና ከመቶው አንዱ ቢሳሳት በየገጹ 15 ስሕተት አለ ማለት ነው። ባለ 200 ገጹ መጽሐፍ 3,000 ስሕተት ተሸክሞ ይሄዳል። እናንተ ደሴ ፒያሳ ከመጽሐፍ መደብር እንዲህ ያለ መጽሐፍ ገዝታችሁ ቢሆን በማግስቱ ገንዘባችሁን ለማስመለስ ትሄዱ ነበር። ለራሳችሁ የማትቀበሉትን ለሌላው እንዴት በስጦታ ስም ትሰጣላችሁ?

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዓይኑ የሚያይ ሰው የተሳሳተ ፊደል ሲያጋጥመው ግራና ቀኙን በአንድ ጊዜ ቃኝቶ ይገምትና ያልፋል። በጆሮ የሚያነብ ግን ቃሉ የሚደርሰው በተራ፣ አንድ በአንድ ነው። በዚያ ላይ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ኢስፒክን የመሰለው ሰው ሠራሽ ድምፅ የሚጠብቀውንም የሚላላውንም ስለማይለይ፣ አድማጩ ከዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ እየተነሳ ራሱ ያቃናዋል። ንጹሕ ጽሑፍ ሲደርሰው እንኳ እያቃና ነው የሚሰማው። በዚህ ድካም ላይ የተሰበረ ፊደል መጨመር ግፍ ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ከፊደሉ ሌላ ያልተነካው ብልሽት የገጹ አቀማመጥ ነው። መጻሕፍቶቻችን፣ በተለይ የቆዩት፣ መስመር ሲያልቅባቸው ቃሉን ያለ ሰረዝ ለሁለት ይቆርጡታል፤ ኦሲአሩም ሁለት የማይረባ ቃል ያደርገዋል። በየገጹ አናት የታተመው የመጽሐፉ ርዕስ ዐረፍተ ነገሩ መሐል ዘው ብሎ ይገባል። ሁለት ገጽ ባንድ ፎቶ ስታነሱ ደግሞ የግራው ገጽ መስመር ከቀኙ ጋር ይደባለቃል። አራት ነጥቡ ሁለት ኮሎን ሆኖ ይወጣና አድማጩ ሐሳቡ የት እንዳለቀ ይጠፋዋል። የገጽ ቁጥርን ግን አታጥፉ፤ ለብቻው በራሱ መስመር አስቀምጡት። ተማሪው ጥናታዊ ጽሑፍ ሲጽፍ ከየትኛው ገጽ እንደወሰደ መጥቀስ አለበት፤ አማካሪው "ፋይሉ ቁጥር የለውም" የሚለውን ምክንያት አይቀበለውም።

ወሎ ለእርማት እንግዳ አገር አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስና በላሊበላ ንባብ እንዴት ይማሩ እንደነበር አባቶቻችሁን ጠይቁ። ተነሽና ወዳቂውን፣ ሰያፍና ተጣዩን ያልለየ ተማሪ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ አንዲት ቃል ያለ ቦታዋ ቢጥል የኔታ መልሰው ያስደግሙታል። በዳናና በጀማ ንጉሥ ሐሪማዎችም፣ በእስልምና ትምህርት ማእከሎቹ፣ እንዲሁ ነው፤ ደረሳው ሉሁ፣ የእንጨት ሰሌዳው፣ ላይ የጻፈውን ሸኹ ፊት አንብቦ ሳይታረም ሉሁን አያጥብም። ከእነዚህ ጉባኤዎችና ሐሪማዎች ዓይነ ስውራን ሊቃውንትና ሓፊዞች ወጥተዋል። ሊወጡ የቻሉት ጆሯቸው የገባው ቃል ታርሞ የገባ ስለነበረ ነው። የእነዚያ መምህራን ልጆች ሆነን ማንም ያላዳመጠውን ፋይል ማሰራጨት ያሳፍራል።

"ከምንም ይሻላል" የምትሉትን ደግሞ ተዉት። አይሻልም። የተበላሸው መጽሐፍ ዝርዝር ላይ "ተሠርቷል" ተብሎ ይመዘገባል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም በጎ ፈቃደኛ አይነካውም። ባይሠራ ኖሮ ሌላ ጠንቃቃ ሰው ያነሳው ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ዩኒቨርሲቲዎቻችንና ትምህርት ቤቶቻችን ተዘርፈዋል፤ ብዙ መጽሐፍ ጠፍቷል። ዛሬ ተውሳችሁ እጃችሁ የገባው ቅጂ ነገ ላይገኝ ይችላል። አንድ ገጽ ዘላችሁ፣ ወይም በአውራ ጣታችሁ ግማሹን ሸፍናችሁ መጽሐፉን ለባለቤቱ ከመለሳችሁ ያ ገጽ ለዘለዓለም ሊቀር ይችላል። መጽሐፉን ከመመለሳችሁ በፊት ገጾቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ።

ሥራው ከባድ ዕውቀት አይጠይቅም። በ300 ዲፒአይ (የምስሉ ጥራት መለኪያ ነው) አንሱ፤ ፊደሉ ደቃቅ ከሆነ 400 አድርጉት። መጽሐፉን በደንብ ዘርጉት፤ መሐል መታጠፊያው ላይ የተጎበጠ መስመር ምንጊዜም ይበላሻል። ፎቶውን በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ቴሌግራም ይጨምቀውና ጥራቱ ይወርዳል። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዡዋል ግዕዝ፣ በቀድሞዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ የተጻፈ የቆየ ሞጁልና ሃንድአውት ካገኛችሁ እንዳለ አትላኩት። እነዚያ ፊደሎች ስክሪኑ ላይ አማርኛ ቢመስሉም ውስጣቸው የላቲን ኮድ ነው፤ ስክሪን ሪደሩ ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደል ያወርድበታል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደላት ሁሉ በሚጋሩት የኮምፒውተር ኮድ ውስጥ፣ ገብቷልና ወደዚያ ቀይሩት።

ከሁሉ በላይ ግን ያነሳው ሰው ብቻውን አይረመው። የራስን ስሕተት ዓይን ይለምደዋል። ሁለተኛ ሰው ከታተመው ጋር መስመር በመስመር ያስተያየው፤ ቁጥሮችንና የሰውና የቦታ ስሞችን ሁለት ጊዜ ይይ። ከዚያ ስክሪኑን አጥፍታችሁ፣ ኤንቪዲኤን ከፍታችሁ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አዳምጡ። ዓይናችሁን ሳትጠቀሙ ልትከታተሉት ካልቻላችሁ ፋይሉ አላለቀም። አሜሪካ ውስጥ በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ቡክሼር የሚባለው የዓይነ ስውራን የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት በበጎ ፈቃደኞች ስካን ሲያድግ አንዱ ያነሳውን ሌላው በጎ ፈቃደኛ ይመረምረው ነበር፤ መጽሐፉም የጥራት ደረጃው ተጽፎበት ነበር የሚቀመጠው። እኛም ፋይሉ መጀመሪያ ገጽ ላይ "ታርሟል" ወይም "አልታረመም" ብለን በግልጽ መጻፍ አያቅተንም። አንባቢው ምን እንደያዘ ይወቅ።

አራሚዎች ሆይ፣ እናንተም ልክ እለፉ አልተባላችሁም። ደራሲው በወሎ አነጋገር የጻፈውን ወደ መጽሐፍ አማርኛ አትቀይሩበት። ደራሲው "ሠ" ያለውን "ሰ" አታድርጉት፤ ዓይነ ስውሩ ተማሪ የቃሉን አጻጻፍ የሚማረው ፊደል በፊደል ከዚሁ ፋይል ነው። ሥዕልና ካርታ ሲመጣ ግን ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ ምን እንደሚያሳይ በሁለት በሦስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ የጻፋችሁት እናንተ መሆናችሁንም አመልክቱ። ሠንጠረዥ ጊዜ ይፈጃል፤ ቢፈጅም ሥሩት።

ሌላም አለ። የደራሲ መብት ያለበትን መጽሐፍ ለዓይነ ስውራን ቀይሮ ማባዛት የሚፈቅደው የማራኬሽ ስምምነት በ2013 እ.ኤ.አ. ሲፈረም፣ ኢትዮጵያም በ2020 እ.ኤ.አ. ስትቀበለው፣ ፈቃዱ የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ነው። ፋይሉን ለሁሉም ክፍት በሆነ የቴሌግራም ቻናል ላይ የሚዘረግፍ ሰው ደራሲውን ይጎዳል፤ ነገ ደራሲው ለዓይነ ስውሩም በሩን እንዲዘጋ ያደርገዋል።

ይልቅ ደራሲዎቻችንን ቀድማችሁ ጠይቁ። በቅርብ ዓመታት የታተመው አብዛኛው መጽሐፍ መጀመሪያ በኮምፒውተር የተጻፈ ነው፤ የዎርድ ፋይሉ ደራሲው ወይም ማተሚያ ቤቱ ዘንድ ሊኖር ይችላል። እሱ ከተገኘ ስካን ማድረግ ምን ያደርጋል? እናንተ የወሎ ደራሲዎች፣ መጽሐፋችሁ በተመረቀ ቀን ለእንግዶች ስትፈርሙ አንዱን ንጹሕ ፋይል ለዓይነ ስውራን ማኅበር አስረክቡ። ወጪ የለውም።

እስካሁን በየግሩፑ የበተናችሁትንም ሰብስቡ። ከየኮሚቴያችሁ ውስጥ በጆሮ የሚያነቡ ሰዎች ይኑሩ፤ ለምስጋና ንግግር ሳይሆን ለውሳኔ ተቀመጡ በሏቸው። ይሉኝታቸውን እንዲተዉ እናንተው ለምኗቸው። "ይሄ አይነበብም" ያሉትን ፋይል ዝርዝሩ ላይ ካለበት "ተሠርቷል" ውስጥ አውጡና መጽሐፉን ፈልጋችሁ ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና አንሱት።