ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ለሚጓዝ እግር ቅባት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

የክርክሩ ጭብጥ፦ በዝናብ፣ በረግረግና በወንዝ ውስጥ ለቀናት የሚጓዝ ሰው ውኃ የሚከላከል ቅባት እግሩን መቀባት አለበት ወይ?

ደጋፊ፦ አለበት። የውስጥ እግር ቆዳ የላይኛው ንብርብር ወፍራም ስለሆነ ውኃ ይመጥጣል፤ ያብጣል፣ ይነጣል፣ ይጨማደዳል። ሰውየው በዚያ ሁኔታ ለሰዓታት ሲራመድ የሰውነቱ ክብደት በሙሉ ሽብሽቡ ላይ ያርፋል፤ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይላጣል። ቅባቱ ውኃው ወደ ቆዳ የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል።

ዋናው ነገር አቀባቡ ነው። እግሩ ታጥቦ በጣቶች መካከል ሳይቀር ይደርቅ፤ 10 ደቂቃ ያህል ነፋስ ያግኘው። ለአንድ እግር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ብዙዎች የሚፋጨውን ቦታ ብቻ ይቀባሉ፤ ይህ አይበቃም። ውስጥ እግሩ በሙሉ፣ የተረከዙ ዙሪያና የጣቶቹ ሥር መዳረስ አለበት። ስስ ሆኖ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይታሽ። ካልሲው ወዲያው ከተለበሰ ቅባቱን ጨርቁ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል።

ተቃዋሚ፦ የጠዋቱ አቀባብ ላይ ክርክር የለኝም። ጣጣው የሚመጣው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ነው። እርስዎ የሚያስቡት ከውጭ ስለሚገባው ውኃ ብቻ ነው፤ እግር ግን ራሱ ውኃ ያመነጫል። በሁለቱ እግሮች ላይ 250,000 ገደማ የላብ ዕጢ አለ። ወንዙን የሚከለክለው ሽፋን ላቡንም መውጫ ያሳጣዋል፤ በተለይ ቫዝሊን። ጫማው ራሱ ውኃ የማያስገባ ዓይነት ከሆነ ደግሞ እግሩ በሁለት በኩል ታፈነ ማለት ነው።

ሰበቃውንም እንመልከት። ቫዝሊን መጀመሪያ ላይ ሰበቃን ይቀንሳል፤ ሰዓት ሲቆይ ግን ጭራሽ ካልተቀባ ቆዳ በላይ ያደርገዋል። ይህ በመሣሪያ ተለክቶ የታወቀ ነገር ነው። እግር ውኃ የሚቋጥረው ካልሲው ቆዳውን ይዞ ሲቀር፣ አጥንቱ ደግሞ ከውስጥ ወደፊት ሲሄድ የቆዳው ንብርብሮች ስለሚላቀቁ ነው። ቅባቱ መያዝ ሲጀምር ይህን መላቀቅ ያፋጥነዋል።

ደጋፊ፦ ቫዝሊንን ለረጅም ቀን እኔም አልመርጠውም። የምለው ሲሊኮን ስላለበት ቅባት ነው። ከይዘቱ ዝርዝር መጀመሪያ አካባቢ ዳይሜቲኮን የሚል ካለ ያ ነው። ከቫዝሊን የተሻለ እንፋሎት ያሳልፋል፣ በቀላሉም አይታጠብም። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ነጭ ቅባትም ጥሩ ይይዛል፤ ካልሲ ማበላሸቱና ለማስለቀቅ ማስቸገሩ ነው ጥፋቱ። የንብ ሰም ያለበት በብርድ ስለሚደርቅ በመዳፍ ካልሞቀ አይዳረስም። ላኖሊን (ከበግ ሱፍ የሚወጣ ቅባት) የሚቆጣው ቆዳ ያለው ሰው ደግሞ ከጉዞው በፊት ክንዱ ላይ ይሞክረው። ሰበቃው እንዳይጨምር ቅባቱ በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ይደገማል።

ተቃዋሚ፦ እግሩ የት ደርቆ ነው የሚደገመው? እዚህ ጋ ነው መልስ የምፈልገው። ዝናቡ ካላቆመ ያ 10 ደቂቃ ነፋስ አይገኝም። በረጠበ ቆዳ ላይ የተቀባ ቅባት ውኃውን ከሥሩ ያሽገዋል። ከዚህም በላይ የወንዝ ደቃቅ አሸዋ ቅባቱ ላይ ተጣብቆ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። በጣቶች መካከል ሲወፍር ለፈንገስ ይመቻል። ቆዳው ቢላጥ ደግሞ ፕላስተር አይይዝለትም።

ደጋፊ፦ ፕላስተር ቅባቱ ሳይነካው በፊት ይለጠፋል፤ ቅባቱ ከጠርዙ ውጭ ይቀባል። ቀድሞ ከተቀባ በአልኮል መጥረግ ነው። ለማድረቂያ ትንሽ ፎጣ በላስቲክ ታሽጎ ይያዝ፤ አሸዋው በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ። እግሩን ማድረቅ ጨርሶ ካልተቻለ ያን ጊዜ አይደገም፤ ይህ ግን የጠዋቱን ቅባት ጥቅም አያጠፋውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1914–15 እ.ኤ.አ. የብርድ ወራት፣ ወደ 20,000 የሚሆኑ የእንግሊዝ ወታደሮች እግራቸው በምሽግ ውስጥ በቅዝቃዜና በውኃ ሲጎዳ ሠራዊቱ የዓሣ ነባሪ ዘይት እግር ላይ እንዲታሽ አዘዘ። በቬትናም ጦርነት ጊዜም የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች ሲሊኮን ያለበትን ቅባት ለዚሁ ጉዳይ ሞክረዋል።

ተቃዋሚ፦ ዘይቱን ካነሱ አብሮት የታዘዘውንም ያንሡ። ደረቅ ካልሲ መቀየርና እግርን በየጊዜው ማስመርመርም ነበረበት። ጉዳቱ ሲቀንስ ምስጋናውን ለዘይቱ ብቻ መስጠት አይቻልም። በሞቃት ውኃ የሚመጣው የእግር ጉዳት ቀናት የቆየ ተከታታይ እርጥበት ይፈልጋል፤ ከ24 ሰዓት 8ቱን እግር ከደረቀ ቆዳው ያገግማል። ስለዚህ በሻንጣ ውስጥ መጀመሪያ ቦታ የሚያስፈልገው ለመኝታ ብቻ የሚለበስ ደረቅ የሱፍ ካልሲ ነው። በቅዝቃዜ እግሩ የደነዘዘና የነጣ ሰው ደግሞ ቅባት ብሎ ማሸት የለበትም፤ የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ይጎዳዋል። አድርቆ ቀስ በቀስ ማሞቅ ነው።

ላቡን ከምንጩ መቀነስም አለ። በአሜሪካው የጦር አካዳሚ በዌስት ፖይንት ዕጩ መኮንኖች ላይ ላብ የሚቀንስ መድኃኒት፣ 20 በመቶ አሉሚኒየም ክሎራይድ፣ ተሞክሮ ከ21 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እግራቸው ውኃ የቋጠረው 21 በመቶ ሲሆኑ፣ መድኃኒቱ የሌለበትን ፈሳሽ ከተቀቡት ደግሞ 48 በመቶ ነበሩ።

ደጋፊ፦ የዚያኑ ጥናት ሌላ ቁጥር ለምን ዘለሉት? መድኃኒቱን ከተቀቡት 57 በመቶው ቆዳቸው ተቆጥቷል፤ በሌላው ወገን 6 በመቶ ብቻ። የተቆጣ ቆዳ ይዞ ረግረግ የሚገባ ሰው ምን አተረፈ? ላብ ቢቀንስስ ወንዙን ምን ያቆመዋል? ስለ ደረቅ ካልሲው ይስማማኛል። ግን ካልሲው የሚሠራው ሌሊት ነው፤ ተጓዡ ውኃ ውስጥ የሚውለው ቀን ነው።

ተቃዋሚ፦ ሌሊቱም ቢሆን የሚሠራው ቅባቱ ከለቀቀ ነው። ሲሊኮኑ ወይም ዚንኩ ማታ በሳሙና ተፈግፍጎ ካልወጣ እግሩ ታሽጎ ያድራል። ውኃ ሞልቶ ሳሙና የሌለው ስንቱ ነው!

ደጋፊ፦ ሳሙና ከቅባቱ ጋር ይያዛ፤ አንዲት ቁራጭ ትበቃለች። ማታ ይታጠብ፣ ጠዋት እንደገና ይቀባ።