«ስንት ብዬ ልጻፍ?»

የጎንደር ልጆች፣ ወገኖቼ ሆይ፤

ጥምቀት ካለፈ አንሥቶ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ከአራዳ እስከ አዘዞ ዳስ ያልተጣለበት ሰፈር ማግኘት እንደሚቸግር ታውቃላችሁ። ስለ ድግሱ ብዛት ሌላው ይናገር። እኔ የምወቅሳችሁ በዳሱ በር ላይ ስላስቀመጥናት ጠረጴዛና በላይዋ ስለ ዘረጋነው የስጦታ መመዝገቢያ ደብተር ነው። «እናንተ» ከማለቴ በፊት ግን «እኔ» ማለት ይገባኛል፤ ባለፈው ዓመት በእኅቴ ልጅ ሠርግ ላይ ያንን ደብተር ይዤ የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁና።

ከቀትር በኋላ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን መጡ። ነጠላቸው ታጥቦ ነጥቷል። በመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩትን ለመፍታት ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ ጥቂት ቆዩ፤ ከቋጠሮው የወጡት የ10 እና የ50 ብር ኖቶች ሲደመሩ 150 ብር ሆኑ። ከኋላቸው ሰው ተሰልፎ ስለ ነበር ቸኮልሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ «እማማ፣ ስንት ብዬ ልጻፍ?» አልኋቸው። ቀድሟቸው 3,000 ብር ያስመዘገበው እንግዳ ዞር ብሎ አያቸው። «እንደ ወደድህ ጻፈው፣ ልጄ» አሉኝና እህል ሳይቀምሱ ወጡ። ሙሽራዪቱ በተወለደች ጊዜ ለእናቷ የአራስ ገንፎ ያገነፉት እኒሁ ሴት ነበሩ፤ ያ ገንፎ ግን በማንም ደብተር አልሰፈረም።

«አባቶቻችንስ ብድር በምድር ይሉ የለም ወይ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ይሉ ነበር፤ ይቆጥሩም ነበር። ወንፈልን ያየ ሰው ቆጠራ የዛሬ ፈጠራ ነው ብሎ አይከራከርም፤ ደቦ የጠራ ሰው አብልቶና አጠጥቶ ሲሸኝ፣ ወንፈል የገባ ሰው ግን አንድ ቀን ላረመለት አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ላጨደለት ሁለት ቀን የመመለስ ዕዳ ነበረበት። ነገር ግን የሚቆጠረው የጉልበት ቀን ነበር። ባለ ብዙ ጥማድ ገበሬም ሆነ የአንድ በሬ ጌታ ያላቸው ሁለት ሁለት እጅ ነው፤ ቀኑም ለሁለቱም እኩል ይመሻል። ድሃው ብድሩን መመለስ የሚችልበት ቆጠራ ስለ ነበር፣ ከድሃ ጋር ወንፈል መግባት ማንንም አያሳፍርም ነበር።

ብር እንደዚያ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ለልጃችሁ ሠርግ 500 ብር የሰጠ ጎረቤት ዛሬ የራሱን ልጅ ሲድር ስንት ይመለስለት? ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ የጤፉንና የዘይቱን ዋጋ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ያኑ 500 ብር የመለሰ እንደ ቋጣሪ ይታማል። 2,000 ያደረገ ደግሞ የቤት ኪራዩን ይነካል፤ ተቀባዩንም ለሌላ ጊዜ የባሰ ዕዳ ያስገባዋል። እንዲህ እያልን፣ ማንም ሳይፈርምበት ወለዱ በሐሜት የሚከፈል ብድር አቋቁመናል፤ ስሙንም ስጦታ ብለነዋል።

ሠርጉ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ ክርስትናው፣ የምርቃቱ ድግስ፣ አሁን አሁን ደግሞ የሕፃን ልደት ሳይቀር ፖስታ ይጠይቃል። ፖስታ የሌለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ልብ ብላችሁ አይታችኋል? መጀመሪያ «አሞኝ ነው» ይላል፤ ቀጥሎ የጥሪ ካርዱን የሚያመጣውን ልጅ ሲያይ የለም ያስብላል፤ በመጨረሻ፣ ይህ ነው የሚያስፈራኝ፣ ለቅሶ ሳይቀር መድረስ ያፍራል። ያለው ደግሞ ሌላ መንገድ አገኘ፤ በቴሌብር ይልክና ሳይመጣ ይቀራል፤ እኛም ብሩ መግባቱን በስልካችን አይተን ቅር አይለንም። «ከፍትፍቱ ፊቱ» እያለ ያሳደገን ሕዝብ ልጆች ፍትፍቱን ተቀብለን ፊቱን ረሳነው። ስሙንና የሰጠውን በድምፅ ማጉያ የምናስጠራለትንማ ምን ልበለው፤ በየዐውደ ምሕረቱ ብድራት መመለስ የማይችለውን ጥራ ተብሎ ሲሰበክ «እልል» የምንለውም እኛው ነን።

መተጋገዝ ይቅር አላልሁም። በዚህ ኑሮ ብቻውን ልጅ የሚድር ጥቂት ነው። መቁጠር የግድ ከሆነ ግን እድር እንደሚያደርገው በግልጥ እንቁጠር፤ የእድር መዋጮ ለሀብታሙም ለድሃውም አንድ ነው፣ መተዳደሪያ ደንብም አለው፣ የከፈለም በከፈለው አይኮራም። ስጦታ ካልነው ደግሞ ስም የማይጻፍበት ሣጥን ይቀመጥ፤ የሚያስገባውንም ሰው ማንም አይይ። ጌሾ የወቀጠች፣ ሌሊቱን እንጀራ ስትጋግር ያደረች፣ ዳስ ሲጣል ችካል የተከለ ሁሉ ሰጥቷልና በበሩ ላይ ሌላ አይጠየቅ።

እኒያን እናት በሳምንቱ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቡና አፈሉልኝ፤ ስለ ሠርጉ አንድም ቃል አላነሡም፤ ስወጣ ግን «ሙሽራዪቱ ስትወልድ ጥሩኝ፣ ገንፎውን እኔ ነኝ የማገነፋ» አሉኝ።

በዚህ ጥር ዳስ የምትጥሉ ወገኖቼ፣ ጠረጴዛዋን ከበሩ ላይ አንሡልን። የለም፣ ትቀመጥ የምትሉ ከሆነ ደብተር የሚይዝላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እኔ ከጓሮ፣ ሽንኩርት ከሚልጡት ጋር ነኝ።