ይቀደድ!

ባለፈው ዓመት አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዜሮ ክፍል ገብቼ ነበር። (ስሙ ራሱ ያሳዝነኛል፤ ልጅን ከዜሮ የሚያስጀምረው ማነው?) ሃምሳ ምናምን ሕፃናት፣ ግድግዳው ላይ የደበዘዘ የፊደል ገበታ፣ ጥግ ላይ የተቆለፈ የብረት ቁምሳጥን። ምን እንዳለበት ጠየቅኩ። «የተረት መጻሕፍት ናቸው፣ በእርዳታ የመጡ» አለች መምህርቷ። ቁልፉ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ነበር። አስመጥተን ስንከፍተው ገና ከፕላስቲካቸው አልወጡም። «ልጆቹ ይቦጫጭቁብናል፤ በኋላ ንብረት ክፍል እኔን ነው የሚጠይቀው» አለችኝ። አልፈረድኩባትም።

የምፈርደው በእኛ ነው፣ ወገኖቼ። ያ ቁምሳጥን በየቤታችን አለ። እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚወጣውን ብርጭቆ ቡፌ ውስጥ እንደምንደረድር፣ መጽሐፍንም ልጅ የማይደርስበት ቦታ ሰቅለን እንኖራለን። «ገና ማንበብ ሳይችል መጽሐፍ ምን ያደርግለታል?» ትላላችሁ። ለልደቱ ኬክና ፊኛ ስትገዙ፣ በሳምንቱ የሚሰበር የባትሪ መኪና ስታመጡ ዋጋ አትከራከሩም። የተረት መጽሐፍ ዋጋ ሲነገራችሁ ግን «ወረቀት እንዲህ ተወደደ እንዴ!» ብላችሁ መልሳችሁ ታስቀምጣላችሁ።

ልጅ ማንበብ የሚጀምረው ፊደል ከመለየቱ በፊት ነው። ጭናችሁ ላይ ተቀምጦ ገጽ ሲገልጥ፣ የጅቡን ሥዕል በጣቱ ሲነካ፣ «ከዚያስ?» ብሎ ሲያስቸግራችሁ። ጽሑፉ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ፣ ያ ጥቁር ጭረት ድምፅ እንዳለው፣ ትናንት የሰማው ተረት ዛሬም እዚያው ገጽ ላይ እንደሚጠብቀው የሚያውቀው ያኔ ነው።

«እኛ በሀሁ ተምረን የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ተምረናል፤ ግን ከየኔታ ትምህርት ግማሹን ብቻ ይዘን ነው የቀረነው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ሀሁን ሲጨርስ አቡጊዳ ይሰጠዋል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ፣ ቅደም ተከተሉ ሆን ተብሎ ተዘበራርቆ። በዜማ የሸመደደውን በመልኩም ያውቀው እንደሆነ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ገበታ ላይም አይቀርም፤ መልእክተ ዮሐንስ ተሰጥቶት ወደ ንባብ ይገባል። እኛ 231ዱን ፊደል በኅብረት ማስጮሁን ወረስን፣ ቀጥሎ የሚነበበውን ጣልን። «ጠ» የቷ እንደሆነች ሲጠየቅ ከ«ሀ» ጀምሮ እየዘመረ የሚወርድ ልጅ አይታችሁ አታውቁም? ያ ልጅ ዜማውን እንጂ ፊደሉን አያውቅም።

ገንዘብ ያላችሁት ደግሞ ትብሳላችሁ። የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ተፈትኖ ኬጂ እንዲገባ ትሰለፋላችሁ፤ ማታ እንቅልፉ እየመጣ እጁን ይዛችሁ የቤት ሥራ ታጽፋላችሁ። በእንግሊዝኛ ቀለም ሲቆጥር በስልክ ትቀርጹታላችሁ፤ «ጉልቻ ምንድን ነው?» ሲባል አፉን ሲይዝ ትስቃላችሁ። ዋሽንግተን ያለው ወንድማችሁ የልጁ አማርኛ እንዳይጠፋበት በሁለት ቋንቋ የታተመ የተረት መጽሐፍ እየፈለገ ይገዛል። እናንተ የቋንቋው አገር ተቀምጣችሁ ነው የምታስጠፉት።

ተረቱስ የት ሄደ? አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነገሩልን። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸው ሥራቸውን ሠሩ። እኛ ግን የአያትን ሥራ በሙሉ ለአንድ ሰው አስረክበን ተቀመጥን፤ እሳቸው ከመስኮቱ ሲጠፉ ሥራውን ተመልሶ የተረከበ አባት ስንት ነው?

«መጽሐፍ የለም» አትበሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል የልጆች ተረት ድረ ገጽ አማርኛን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ተረቶች አሉት፤ አውርዶ ማተም፣ ልጁ አፉን ወደፈታበት ቋንቋ መተርጎምም የተፈቀደ ነው። ቲክቶክ የሚጫንበት ዳታ ይጭነዋል። የቀረው የፎቶ ኮፒና የስቴፕለር ሥራ ነው፤ አንድ ዕድር ለዚህ ያንሳል?

አሁን ወደሚያሳፍረው ልምጣ። ማየት ወይም መስማት የተሳነውን ልጅ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የምታስገቡ፣ ለእናንተ ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስታችሁ «ከእኔ ልጅ ጋር አይቀመጥ» የምትሉም፣ አብራችሁ ስሙ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የቀዳማዊ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ወረቀቱ እናንተን ጓዳ ድረስ ሊከተላችሁ አልቻለም። ተረት እኮ ዓይን አይጠይቅም። ማየት ለተሳነው ልጅ የበጓን ገጽ በእውነተኛ ፀጉር፣ የማሳውን በባቄላና በገብስ ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፉለት፤ ጣቱ ያነበዋል፣ የሚያይ ጓደኛውም ይቀናበታል። አድጎ የአማርኛ ብሬል ሲጀምር ያ ጣት እንግዳ አይሆንም። መስማት ለተሳነው ደግሞ ትልልቅ ሥዕል፣ የፊታችሁ ገጽታ፣ የምልክት ቋንቋ። አሥር ምልክት ለመማር አንድ ከሰዓት ይበቃችኋል።

አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲከፍቱ፣ በኋላም ሐዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ መጽሐፍ ሲያዞሩ፣ አቧራና ጭቃ የነካው የልጅ እጅ እንደሚያገላብጠው ጠፍቷቸው አልነበረም። ልጅ እጅ የገባ መጽሐፍ ማዕዘኑ ይታጠፋል፣ ወጥ ይነካዋል፣ ሽፋኑ ይለቃል። ለዚህ ነው የተሠራው።

ስለዚህ አንተ ቁልፉን የያዝክ ርእሰ መምህር፣ ሰኞ ጠዋት ቁምሳጥኑን ክፈት። የንብረት ክፍል ሰዎች፣ የተረት መጽሐፍን እንደ ጠመኔ ቁጠሩት፤ ጠመኔ አለቀ ተብሎ መምህር ከደመወዙ አይቆረጥበትም። እናንተ ወላጆች ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ክፍሉ ጎራ በሉ። ስኮች፣ ወፍራም መርፌና ክር ይዛችሁ ኑ፤ የሚሰፋ ነገር አይጠፋም።