የሌሊት ስምንት ሰዓቱ ዘፈን መራጭ

ሰሞኑን ዕቃ ሳስተካክል፣ አሜሪካ የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ በግቢው ሬዲዮ ጣቢያ ያጫወትኳቸውን ዘፈኖች የመዘገብኩባቸው ወረቀቶች ከአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ወጡ። ሰው የድሮ ፎቶግራፉን ሲያይ በሱሪው ስፋት ያፍራል፤ እኔ ያፈርኩት በዘፈን ምርጫዬ ነው። ሱሪው የዘመኑ ፋሽን ነበር ተብሎ ይታለፋል፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ በርሜል አስፋልት ላይ ሲጎተት ከመሰማት በቀር ሌላ ነገር የሌለውን "ሙዚቃ" ማንም ሳያስገድደኝ መርጬ ማጫወቴን ግን በማን ላመካኘው?

ነገሩ የሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ነው። እዚያ አገር ከገባሁ ገና አራት ወሬ ነበር። የተረኞች ዝርዝር ሲለጠፍ ከስሜ ትይዩ "ከ2 እስከ 5" የሚል አየሁና በአገሬ ሰዓት አስልቼ፣ ሕዝብ ቁርሱን በልቶ ሬዲዮ በሚከፍትበት ማለዳ መመደቤ ለእንግዳ የተሰጠ ክብር መስሎኝ ለቤተሰብ ሳይቀር ደውዬ ተናገርኩ። ለካስ የደረሰኝ፣ ለጀማሪ ሁሉ የሚጣለው፣ ዘብና ነርስ ካልሆነ በቀር ሰው የማይነቃበት፣ የእሑድ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያለው ተራ ኖሯል።

በአሜሪካ የኤፍኤም መስመር ከ88 እስከ 92 ሜጋኸርትዝ ያለው ክፍል ለትርፍ ላልቆሙ ጣቢያዎች የተከለለ ስለሆነ፣ የኮሌጅ ሬዲዮዎች በብዛት የሚገኙት እዚያው ዳር ላይ ነው። ማስታወቂያ ስለማይሸጡ የአድማጭ ማነስ እንቅልፍ አይነሳቸውም። የእኛ ጣቢያ ልጆችማ ይህን ነፃነት ወደ ሃይማኖት ለውጠውት ነበር፤ አንድ ዘፈን በሌላ ጣቢያ ከተሰማ ከመደርደሪያው ላይ ይወርዳል። ሙዚቀኛ ታዋቂ ሆነ ማለት ለእነርሱ ሞተ ማለት ነው፤ እንዲያውም በእውነት የሞተው ይሻላል፣ እርሱ ልዩ ዝግጅት ይሠራለታል። የአድማጮች ምርጫ ላይ "ለእናቴ፣ ለአክስቴና ለመላው የሰፈር ልጆች ይድረስልኝ" እየተባለ ሲመረጥ ሰምቼ ላደግሁት ለእኔ፣ አድማጭ የማይወደውን ፈልጎ የሚያጫውት ሬዲዮ ማየት፣ እንግዳ እንዳይበላ ተብሎ ጨው የተነፈገ ወጥ እንደማየት ነበር። ቢሆንም ለመድኩት። በሦስተኛው ሳምንት ጨው የሚጨምሩትን እንደ ኋላ ቀር መናቅ ጀመርኩ።

ክብሬን ያገኘሁት ግን በሌላ በኩል ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በወጣው፣ "ብሮክን ፍላወርስ" በተባለው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ስለተሰማ፣ የጣቢያው ልጆች ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ አጠገቤ ተሰበሰቡ። የዘፈን ክፍሉ ኃላፊ፣ ጢሙን ማሳደግ ጀምሮ የተወ የሚመስል የሃያ ዓመት ወጣት፣ "ሙላቱን ታውቀዋለህ?" ሲል በአክብሮት ጠየቀኝ። "ከልጅነቴ ጀምሮ" አልኩት። እውነቱን ለመናገር ስማቸውን ከአገሬ ሳልወጣ ከጆሮ ጠገብ በላይ አላውቀውም ነበር። እኛ ቤት ይሰማ የነበረው በኪቦርድና በከበሮ ማሽን የተሠራ የካሴት ዘፈን ነው። ሙላቱ ቦስተን በርክሊ መማራቸውን እንኳ ያነበብኩት፣ ፈረንሳዮች ባሳተሙት "ኢትዮፒክ" በተባለው ተከታታይ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲዲ አራተኛ ቅጽ ውስጥ ከተጨመረው መጽሔት ላይ፣ ያውም መዝገበ ቃላት ይዤ ነው። የአገሬን ሙዚቃ በባዕድ ቋንቋ ተምሬ፣ በሚቀጥለው እሑድ ሌሊት ከአያቴ የወረስኩት አስመስዬ በማይክሮፎን አስተማርኩ።

የጣቢያው ሌላው ጭንቀት ብልግና ነበር። የመንግሥት ደንቡ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ላላ ቢልም፣ ጣቢያችን ቅጣት ስለሚፈራ ክልከላው ሌሊትም አይነሳም፤ በእያንዳንዱ ሲዲ ሽፋን ላይም "3ኛውንና 7ኛውን እንዳታጫውቱ" የሚል ወረቀት ይለጠፋል። የአማርኛ ዘፈኖቼን ግን ከእኔ በቀር የሚመረምር ስላልነበረ ከሳሹም ዳኛውም እኔው ሆንኩ። ስለዚህ ስለ አንድ የአዝማሪ ቅጂ፣ ሰሙ ስለ ማር ቆረጣ፣ ወርቁ ደግሞ በአባት ፊት ስለማይነገር ነገር ለሆነ ዘፈን፣ "ስለ ንብ እርባታ" ብዬ ጽፌ ለጠፍኩበት። ኃላፊው ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አደመጠና "ለተፈጥሮ ያለው ፍቅር ይሰማል" አለኝ። አልዋሸም፤ ይሰማ ነበር።

ስልኩ በሦስት ሰዓት ውስጥ አንዴ ቢጮህ ትልቅ ነገር ነው። በአምስተኛው ሳምንት ጮኸ። በእንግሊዝኛ ስም ጠርቼ ለማስተናገድ ስዘጋጅ፣ ጎርነን ያለ ድምፅ በአማርኛ፣ "አንተ ልጅ፣ ሐበሻ ነህ አይደል?" አለኝ።

"አዎ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ?"

"ታክሲ ላይ ነኝ። ቃል የሌለው ነገር እያጫወትክ ልታስተኛኝ ነው እንዴ? ሰው ይዤ እኮ ነው የምነዳው! ያ ኪቦርድ ያለው፣ የድሮው የካሴት ዘፈን የለህም?"

ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለብቻዬ ስሆን የምሰማው እርሱኑ ነው። ነገር ግን ያን ካሴት በዚያ ጣቢያ ማጫወት፣ ለሠርግ የተጠራ ሰው በነጠላ ጫማ እንደመሄድ ስለመሰለኝ፣ "ጣቢያው የለውም ጋሼ" አልኳቸው። ዝም አሉና "እንግዲያው ጥላሁንን አድርግልኝ" አሉ። እርሱንም በጣም ታዋቂ ነው ብዬ ተውኩት። በወረቀቱ ላይ ከዚያ ቀጥሎ የተመዘገበው በርሜሉ ነው።

ሰባት ዓመት አለፈ። በ2013፣ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ያወጡት፣ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ብቻ የሚሰማበት ካሴት አሜሪካ ውስጥ እንደገና ታተመና የዓለም ጋዜጦች ተቀባበሉት። ኃይሉ መርጊያ ያን ጊዜ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስም መኪናቸው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመዱ እንደነበር በየቦታው ተጻፈ። የእኔ ደዋይ እርሳቸው እንዳልነበሩ ርግጠኛ ነኝ፤ ከተማችን ከዋሽንግተን የሁለት ቀን መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ዜናውን ሳነብ ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ።

በዚያው ሳምንት፣ ጢሙን በመጨረሻ ማሳደግ የተሳካለት የቀድሞው ኃላፊያችን ከሌላ ክፍለ ሀገር መልእክት ላከልኝ። ካሴቱ በሸክላ መታተሙን፣ ሳያልቅ መግዛቱን፣ ከእርሱ በፊት በከተማው የሰማው እንደሌለ ከገለጸልኝ በኋላ "ይህን ሰው ታውቀዋለህ?" ሲል ጠየቀኝ።

"ከልጅነቴ ጀምሮ" ብዬ መለስኩለት። የአሁኑ እንኳ እውነት ነበር፤ እርሱ ግን፣ እንደማየው፣ የመጀመሪያውን ያህል አላመነኝም።