ደረሰኝ ለማያውቀው ክቡር ማሽን የቀረበ ማመልከቻ

ለ፦ ክቡር ወረቀት አልባ የድምፅ መስጫ ማሽን
ቀድሞ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሁን ባሉበት መጋዘን

ጉዳዩ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 የሰጠሁትን አንድ ድምፅ ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

እኔ አመልካች፣ ድምፅ አሰጣጥ ምስጢር ነው በመባሉ ስሜን የማልገልጸው የቀድሞ ደንበኛዎ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2012 በአንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ፊትዎ ቆሜ ለአንድ ፕሬዚዳንት፣ ለአንድ ሴናተርና ስማቸውን ከዚያ በፊት ሰምቼ ለማላውቃቸው ጥቂት ሰዎች ድምፄን ሰጥቻለሁ፤ ወይም የሰጠሁ ይመስለኛል። እርስዎ ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። ጭቅጭቃችንም ከዚሁ ይጀምራል፤ ማስታወስዎን ሊመሰክርልኝ የሚችል ከራስዎ በቀር ማንም የለምና።

ዜግነት ካገኘሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ለክብሩ ስል ለሠርግ የማወጣውን ሱፍ ለብሼ፣ ሰልፍ ጠብቄ፣ ተራዬ ሲደርስ አንዲት አዛውንት አስመራጭ ወደ እርስዎ መሩኝ። የምፈልገውን ስም በሌባ ጣቴ ስነካ ከበላዩ ያለው ስም በራ፤ ደግሜ ስነካ አስተካከሉት፤ ማሽንም እንደ ሰው ይሳሳታል ብዬ አለፍኩት። በመጨረሻም ‹‹ድምፅዎ ተመዝግቧል፣ እናመሰግናለን›› የሚል ጽሑፍ ብልጭ አደረጉና ፊትዎን አጠቆሩብኝ። እኔ ግን አልሄድኩም። ለምን እንደቆምኩ የገባኝ አዛውንቷ ‹‹ልርዳዎት?›› ሲሉኝ ነው፤ ለካ እጄን ዘርግቼ ደረሰኝ እየጠበቅሁ ኖሯል። ‹‹ድምፅ ሰጥቻለሁ›› የሚል ተለጣፊ ደረቴ ላይ ለጥፈው ሸኙኝ።

እንዲህ ያደረገኝ ሥራዬ ነው። በዚያን ጊዜ፣ እንደ ብዙው የአገሬ ልጅ፣ ዋሽንግተን ውስጥ መሬት ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ለገባ መኪና ሁሉ ትኬት ይቆረጣል፤ ግማሹ ለባለመኪናው ይሰጣል፣ ጉርዱ እኔ ዘንድ ይቀራል። ማታ ሒሳብ ስንዘጋ ተቆጣጣሪው ጉርዶቹን በእጁ ይቆጥራል፣ ከሣጥኑ ገንዘብ ጋር ያስተያያል፣ ከዚያም ፎቅ በፎቅ ወርዶ የሚያድሩትን መኪኖች ይቆጥራል። አንድ ምሽት አንድ ጉርድ ጎደለብኝ። ‹‹ገንዘቡ እኮ ሙሉ ነው›› ስለው፣ ‹‹ሙሉ መሆኑን በምን አውቃለሁ?›› ብሎ የቆሻሻ ቅርጫቱን አስገለበጠኝ፤ ጉርዷም ከቡና ብርጭቆ ሥር ተጣብቃ ተገኘች። አላመነኝም ብዬ አልተቀየምኩትም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ሌባ ሳልባል የሠራሁት እሱ ስላላመነኝ ነው። ለ12 ዶላር ትኬት ይህን ያህል ሲደከም፣ ክቡርነትዎ የሴናተር ወንበር ተረክበው ባዶ እጄን ሲሸኙኝ ምን እንዲሰማኝ ጠበቁ?

የትውልድ ታሪክዎን አላጣሁትም። እ.ኤ.አ. በ2000 ፍሎሪዳ ላይ ፕሬዚዳንቱን የለየው የ537 ድምፅ ልዩነት ሲሆን፣ ቆጣሪዎች መራጩ ለመምረጥ በሚበሳው ካርድ ላይ ተንጠልጥላ የቀረችውን ብጣሽ ወደ ብርሃን እያነሡ ሲመረምሩ ዓለም ሳቀ። ኮንግረስም በ2002 ሕግ አውጥቶ አሮጌው መሣሪያ እንዲተካ ገንዘብ መደበ፤ እርስዎም በዚያ ገንዘብ ተገዝተው በየአዳራሹ ተተከሉ። ሕመሙ ወረቀቷ በወጉ አለመበሳቷ ነበር፤ መድኃኒቱ ወረቀቷን ማጥፋት ሆነ። ራስ ምታት ለያዘው ሰው አንገቱን ቆርጦ እንደመገላገል ያለ ሕክምና ነው።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና በዘመዶችዎ ጥፋት እርስዎን አልወቅስም፤ ዘመዶችዎን ግን ላንሣ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለውን ዊንቮት የተባለ ማሽን የክፍለ ግዛቱ ባለሙያዎች በ2015 ሲፈትሹት የገመድ አልባ መስመሩ የይለፍ ቃል ‹‹ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ›› ሆኖ ተገኘ። በእኛ ‹‹ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ›› መሆኑ ነው፤ ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ እንኳ በሁለተኛው ቀን ‹‹ለ›› ይደርሳል። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ‹‹አድሚን›› ነበር፤ ከ2004 ወዲህም የደኅንነት ማሻሻያ አግኝቶ አያውቅም። አንድ ሰው ከምርጫ ጣቢያው ደጅ መኪናውን አቁሞ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ዘርግቶ መግባት ይችል ነበር ተባለ። መኪና ማቆም ሙያዬ ነውና ከሁሉ ይበልጥ ያሳፈረኝ ይኸኛው ነው። ገብቶ የነበረ ሰው አለ ወይ ቢባል፣ አዎም አይደለምም የሚል ወረቀት የለም። ሌላውን ዘመድዎን ደግሞ በ2006 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲመረምሩት፣ የማስታወሻ ካርዱ በር የሚከፈተው በሆቴል ክፍል የመጠጥ ማቀዝቀዣ ላይ በሚሠራ ዓይነት ቁልፍ ሆኖ አገኙት። ለካ ምርጫና ቢራ አንድ ጠባቂ ነበራቸው።

እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ፣ በ2006 የሳራሶታ አውራጃ ሕዝብ የኮንግረስ ተወካዩን ሲመርጥ 18,000 ያህል መራጮች ያንን አንድ ወንበር ባዶ ትተው እንደወጡ ዘመዶችዎ አስታወቁ፤ አሸናፊውን ከተሸናፊዋ የለየው ግን 369 ድምፅ ብቻ ነበር። አንዳንዶች ስሞቹ ስክሪኑ ላይ የተደረደሩበት መንገድ መራጩን አሳስቶት ነው አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ድጋሚ ይቆጠር ሲባል ግን ምኑ ይቆጠራል? ማሽኑን ትናንት ስንት ነበር ያልከው ብሎ ዛሬ መጠየቅ ነው፤ እሱም የትናንቱን ይደግማል። ተከሳሹም፣ ምስክሩም፣ መዝገብ ቤቱም አንድ ራሱ ነው።

እርስዎና ወገኖችዎ በሴፕቴምበር 2017 ከቨርጂኒያ ከተሰናበቱ በኋላ የሆነውን ምናልባት አልሰሙ ይሆናል፤ እዚያው ቨርጂኒያ፣ ኒውፖርት ኒውስ ከተማ ውስጥ፣ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የተወዳደሩት ሼሊ ሳይመንድስ በድጋሚ ቆጠራ ዴቪድ ያንሲን በአንድ ድምፅ፣ 11,608 ለ11,607፣ አሸነፉ ተባለ። በማግሥቱ ሦስት ዳኞች አንዲት ወረቀት አነሡ። መራጩ የሁለቱንም ተወዳዳሪዎች ክብ አጥቁሮ፣ በሳይመንድስ ክብ ላይ ግን አንድ መስመር ሰርዟል። ዳኞቹ አገላብጠው አዩና ለያንሲ ቆጠሯት፤ እኩል ለእኩል ሆነ። በጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ላይ ሁለቱ ስሞች በፎቶግራፍ ፊልም ብልቃጦች ገብተው፣ ብልቃጦቹም የሸክላ ሳህን ውስጥ ተጥለው፣ ካሜራው ሁሉ እያየ ዕጣ ወጣ፤ ለያንሲም ደረሰ፤ ምክር ቤቱ በማን እጅ ይውደቅ የሚለው ነገርም በዚያው ተቆረጠ። እኛ ዕቁብተኞቹ ይህን በቴሌቪዥን ስናይ ምንም አልገረመን። ዳኛችን ወረቀቶቹን ከመጠቅለሉ በፊት ለሁላችን ያሳያል፣ ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ ልጅ ጠርተን እናስወጣለን። ያልደረሰው ሰው ያኮርፋል፤ ተሰረቅሁ ግን አይልም። ሳይመንድስም ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰው ተወዳድረው ያንሲን አሸነፉ። ያቺን የተሰረዘች ወረቀት እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ከየት ያመጧት ነበር?

እርግጥ እርስዎም አንድ መከላከያ አለዎት፤ ከ2020ው ምርጫ ወዲህ ማሽን ሁሉ ሌባ ነው የሚል ወሬ በበዛበት አገር እኔም ወሬኛውን እየተቀላቀልኩ ይመስልዎት ይሆናል። አልተቀላቀልኩም። ጆርጂያ ውስጥ ያን ዓመት ማሽኑ ድምፅ ገለበጠ የተባለው ውሸት ነበር፤ ውሸት መሆኑም የታወቀው 5 ሚሊዮን ያህል ወረቀት በእጅ ተቆጥሮ ያው አሸናፊ ስለወጣ ነው። ወሬውን ያሰራጨው ፎክስ ኒውስም በ2023 ለማሽኑ ኩባንያ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ጆርጂያ ግን እስከ 2019 ድረስ የምትጠቀመው እንደ እርስዎ ያለ ወረቀት አልባ ማሽን ነበር፤ በዚያ ዓመት ምክር ቤቷ እንዲተካ ወሰነ፣ ፍርድ ቤትም ከዚያ ወዲያ እንዳይሠራ ከለከለ። ያ ወሬ አንድ ዓመት ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ መንግሥት ለተሸናፊው የሚለው ‹‹እመኑን›› ብቻ ይሆን ነበር። እርስዎ ባይሰርቁም እንኳ አልሰረቅሁም የሚሉበት አንደበት የለዎትም፤ ለሐሰተኛ ወሬ ከዚህ የተመቸ ቤት አላየሁም።

በሌላ አገር የዘመዶችዎ ዕድል ከዚህ አልተሻለም። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2009፣ ተራው ዜጋ ልዩ ዕውቀት ሳያስፈልገው የምርጫውን ዋና ዋና እርምጃዎች መመርመር መቻል አለበት ብሎ አሰናበታቸው። አየርላንድ ከ50 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ያወጣችባቸውን ማሽኖች ለዓመታት መጋዘን አስቀምጣ በ2012 በ70,000 ዩሮ ገደማ ለቁራሌው ሸጠቻቸው።

ይህን ሁሉ ዛሬ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ወር ዕቁባችን ላይ ኮምፒዩተር የሚያውቅ አንድ ወንድማችን፣ አገራችንም በማሽን ብትመርጥ ጭቅጭቁ ሁሉ ባለቀ ነበር አለ። ‹‹አንተ ልጅ፣ ጭቅጭቁ የመጣው ቆጠራው ስለዘገየ መሰለህ?›› አልኩት። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት 7 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፌ፣ ጣቴን ቀለም ነክሬ፣ ወረቀቴን ሣጥን ውስጥ የከተትኩ ሰው ነኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሆድ ይፍጀው፤ ወረቀት ብቻውን ጻድቅ እንዳልሆነ ከዚያ ተምሬያለሁ። ቢሆንም ወረቀት ለመስረቅ ብዙ እጅ፣ ብዙ ጨለማና ብዙ መኪና ይፈልጋል፤ አንዱ እጅ ደግሞ ሁልጊዜ ያወራል። ልጁ ‹‹እንግዲያው ዕቁቡንስ በአፕ ብናደርገው?›› ብሎ ሲመልስ ዳኛችን ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ የምለምነው ብዙ አይደለም። ደረሰኙን ቤቴ ልውሰድ አላልኩም፤ ለማን እንደመረጥኩ የሚያሳይ ወረቀት ኪሴ ከገባ ድምፄን የሚገዛ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ያቺ የ2012 ድምፄ ማስታወሻዎ ውስጥ ካለች አታሚ ተበድረው፣ በወረቀት አውጥተው፣ ዓይኔ እያየ ከሣጥን እንዲከቱልኝ በትሕትና እየጠየቅሁ፣ ለሚያደርጉልኝ ቀና ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ከማይለይ ጥርጣሬ ጋር፣
የቀድሞ ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
ለቀድሞ ተቆጣጣሪዬ
ለዕቁባችን ዳኛና ጸሐፊ
በ2024ቱ ምርጫም ሉዊዚያና ውስጥ ሥራ ላይ ለነበሩ ዘመዶችዎ
ለማኅደር፤ በወረቀት